በእግር የሚመጣ እንግዳ፦ የሰሜን ተራሮች ጉዞና የቤታችን ሥራ

ደባርቅ ውስጥ በተራራ ጉዞ የሚተዳደር ቤተሰብ ብዙ ነው። ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ በመሆኗ፣ ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ የመግቢያ ክፍያውን የሚከፍለውም፣ አብረውት የሚሄዱትን ሰዎች የሚያገኘውም እዚሁ ነው። የእኛም ቤት ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ነው። አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ በቅሎ ጫኝ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ አስጎብኚ ነው፤ እናቴ የስንቁ ኃላፊ ናት፤ ታናሽ ወንድሜ የምግብ ማብሰሉን ሥራ ይዞ ከእንግዳው ጋር ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ከእንግዶች ጋር መጻጻፉን፣ ሒሳቡንና የጉዞውን ዕቅድ እሠራለሁ። ዛሬ የምጽፈው ይህ ሥራ ከውስጥ ሲታይ እንዴት እንደሚካሄድ፣ እንዲሁም በእግሩ የሚወጣ እንግዳ በመኪና ደርሶ ከሚመለሰው ይልቅ ተራራውንም ሕዝቡንም ለምን እንደሚጠቅም ነው።

ሥራው የቤተሰብ መሆኑን የሰማ እንግዳ ብዙ ጊዜ ከጫኙ እስከ ስካውቱ (የታጠቀው የፓርክ አጃቢ) ያለው ሰው ሁሉ ዘመዳችን ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም፤ እንዲሆንም አንሻም። በፓርኩ ደንብ መሠረት ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ጎብኚ የታጠቀ ስካውት ይዞ መሄድ አለበት፤ የስካውቱም ምደባ በፓርኩ በኩል የሚያልፍ ነው። አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተዋል፤ የበቅሎ ባለቤቶችም እንዲሁ ሥራውን በተራ ይቀባበላሉ። ዛሬ ጭነት ያገኘ ሰው ስሙ ወደ መዝገቡ ግርጌ ይወርድና ቀጣዩ ሥራ ለባለተራው ይደርሳል። የእኛ በቅሎዎችም ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ያመጣነው እንግዳ የእኛ ስለሆነ ብቻ የራሳችንን በቅሎ አናስቀድምም። አንዳንድ ጊዜ የማናውቀው ጫኝ ይደርሰናል፤ በቅሎው ደካማ ሆና የምናዝንበትም ቀን አለ። ቢሆንም ይህ ሥርዓት ባይኖር ኖሮ ቋንቋ የሚችሉና ስልክ የያዙ ጥቂት ቤቶች ሁሉንም ጠቅልለው ይወስዱት ነበር ብዬ አምናለሁ። ከገጠሩ ቀበሌ በቅሎውን እየነዳ ለሚመጣው ገበሬ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው የለም፤ እንግዳው የሚደርሰው በተራው ብቻ ነው።

አራት ሰዎች የፓርኩን ካምፖች ሳንቃ በርን፣ ግጭንና ጨነቅን በእግራቸው ለማየት ቢመጡ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ስካውት፣ አንድ አብሳይና ረዳቱ፣ እንዲሁም ድንኳኑንና ስንቁን የሚጭኑ በቅሎዎች ከነነጂዎቻቸው ያስፈልጓቸዋል። በዚህ ላይ እናቴ ድንች፣ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ገብስ የምትገዛባቸው የገበያ ሴቶች አሉ። ይህ ሁሉ ሰው ከአንድ ጉዞ ድርሻውን ያገኛል። በመኪና ከጎንደር ማልዶ ተነሥቶ፣ ፓርኩን አቋርጦ ወደ ጃናሞራ በሚያልፈው መንገድ ዳር ከጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዚያው ቀን የሚመለሰው ጎብኚ ግን ከመግቢያ ክፍያውና ከስካውቱ አበል በቀር እዚህ የሚተወው ነገር እምብዛም ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ሕፃን የያዙ ወይም ጤናቸው የማይፈቅድላቸው ሰዎች ተራራውን በመኪናም ቢሆን ቢያዩት ደስ ይለኛል። የምለምነው እግሩ ጤነኛ የሆነውንና ሁለት ሦስት ቀን ማትረፍ የሚችለውን ሰው ነው።

ተራራው ደግሞ ለእግረኛ የተሠራ ይመስላል። የመጀመሪያው ቀን ከቡይት ራስ ተነሥቶ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ወደ ሳንቃ በር ያደርሳል፤ ካምፑ 3,250 ሜትር ላይ ነው። በማግስቱ መንገዱ የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ አሳይቶ ወደ ግጭ ይወጣል፤ ያ ደግሞ 3,600 ሜትር ነው። ከግጭ በላይ የአስታው ደን እየሳሳ ሄዶ የጓሳው ሣር ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልም እንደ ዘበኛ እዚያና እዚህ ቆሞ ይታያል። እመት ጎጎ ላይ፣ 3,926 ሜትር ላይ ማለት ነው፣ የቆመ ሰው በሦስት ወገን ገደል ነው፤ ታች ያሉት አምባዎች ተራ በተራ እየደበዘዙ እስከ ቆላው ድረስ ይሄዳሉ። ከዚያ በእናትዬ በኩል ወደ ጨነቅ ይወረዳል። ጨነቅ በምድር ላይ ከእነዚህ ተራሮች በቀር የትም የማይገኘውን ዋልያ ለማየት የተሻለው ቦታ ነው፤ ማለዳ ፀሐይ ገደሉን ስትመታው ወንዶቹ ወደ ኋላ የተቀለሰ ቀንዳቸውን ይዘው ከአፋፉ ይወጣሉ።

እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ራስ ደጀን ነው። በአገራችን ከፍተኛው ጫፍ ነውና ፍላጎቱ ይገባኛል። ነገር ግን ራስ ደጀን ከጨነቅ ቀጥሎ ያለ ጉብታ አይደለም። በመጀመሪያ ወደ ቧሂት መተላለፊያ መውጣት፣ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ መውረድ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ መውጣትና እዚያ ማደር፣ በማግስቱ በሌሊት ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ጫፍ መጓዝ፣ ከዚያም ያንኑ መንገድ መመለስ ይጠይቃል። ጊዜ ያጠረው ሰው ራስ ደጀንን ትቶ 4,430 ሜትር የሆነውን ቧሂትን ከጨነቅ ተነሥቶ ወጥቶ ቢመለስ ይሻለዋል ብዬ ሁልጊዜ እጽፍለታለሁ። ወንድሜ ከቧሂት ጫፍ የሚታየውን ከራስ ደጀን ያስበልጠዋል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

በዕቅድ ላይ ከእንግዶች ጋር በብዛት የምንከራከርበት ጉዳይ የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። መኪና ስላለ ብቻ በመጀመሪያው ቀን ጨነቅ ሄዶ 3,620 ሜትር ላይ ማደር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። እኛ አንፈቅድም። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ተራራ የሚወጣ ሁሉ የሚመከረው ነው፤ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር፣ ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ያለው የእግር መንገድም ይህንኑ ልክ ጠብቆ የሚሄድ ነው። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ ሰውነት ጊዜ ይፈልጋል፤ ያ ጊዜ ካልተሰጠው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ፤ ሲብስም በሳንባና በአንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሕይወት ያጠፋል። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ብርቱ የሚመስለው ወጣት አስቀድሞ ሲታመም፣ ቀስ እያሉ የሚራመዱት እናት ደህና ሆነው ሲደርሱ በየዓመቱ እናያለን፤ ጉልበት የከፍታን ሕመም አይከለክልም።

አባቴ የእንግዳን ሁኔታ የሚከታተለው ከምሳው ነው። ሰው ታምሞም «ደህና ነኝ» ይላል፤ ለፍቶ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ከሩቅ መጥቶ ነውና መመለስን ይፈራል። ምግብ ፊት ግን መደበቅ አይቻልም። አባቴ ከበቅሎዎቹ ጋር ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ ማን ዳቦውን እንደጨረሰ፣ ማን እየቆረሰ እንደሚያስቀምጥ ያያል፤ ከዚያ ለወንድሜ በጆሮው ይነግረዋል። በዚያ ምልክት ከግጭ ወደ ሳንቃ በር የተመለሱ እንግዶች አሉ፤ ወንድሜም አብሯቸው ለመመለስ አንድም ጊዜ አመንትቶ አያውቅም። አስጎብኚው የእንግዳውን ቁጣ ችሎ ማስመለስ የሚችለው ከኋላው «ለምን መለስካቸው?» የሚል አለቃ ሳይኖር፣ «እንኳን መለስካቸው» የሚል ቤት ሲኖረው ነው። ሥራው በቤተሰብ መሆኑ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅሙ ለእኔ ይህ ነው።

አባቴ ዛሬም የሚመረምረው ሌላው ነገር የበቅሎ ጀርባ ነው። በቤታችን ደንብ አንዲት በቅሎ ከ45 ኪሎ በላይ አትጭንም። ጭነቱ ጠዋት በእጅ ሚዛን ይመዘናል፤ ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ መጫኛው ይፈታና እንደ አዲስ ይታሰራል። ምሳ ላይ እንግዳው ሲቀመጥ ጭነቱ ይወርዳል፤ አባቴ መዳፉን በጀርባዋ ላይ አሳርፎ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀስ አድርጎ ይሄዳል። የሚፈልገው ሙቀቱ ከሌላው ሥፍራ የበለጠበትን ቦታ ነው። ዛሬ የሞቀ ቦታ ነገ ያብጣል፤ ከነገ ወዲያ ይላጣል፤ ከዚያ ገጣባ ይሆናል። ገጣባ የያዛት በቅሎ ለሳምንታት ከሥራ ትወጣለች፤ የአንድ ገበሬ ቤት ገቢም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ሙቀት ካገኘ የነጂውን ስም ሳይጠራ፣ ሰውየውንም ሳያሳፍር፣ ከራሱ ጭነት ላይ ጆንያ አንሥቶ ለዚያች በቅሎ ይደርብላታል። እንግዳ ሆይ፣ የጉዞውን ዋጋ ስትጠይቅ የበቅሎዋን ገብስም ጠይቅ። ዋጋው እጅግ ከረከሰ ልዩነቱን የምትከፍለው በቅሎዋ ናት፤ አለበለዚያም ነጂው በቆላ ብርድ ልብስ 3,600 ሜትር ላይ እየተንቀጠቀጠ ያድራል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ጨነቅ ላይ ውኃ በጆግ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይረጋል። ለሠራተኛው ድንኳንና ወፍራም ልብስ የማያቀርብ ጉዞ ርካሽ ሊባል አይገባውም።

ስንቁ የእናቴ ግዛት ነው። እንቁላሉን በገብስ ውስጥ ቀብራ ትጭነዋለች፤ በዚያ ወጣ ገባ መንገድ ሳይሰበር ይደርሳል፤ እንቁላሉ ሲያልቅ ገብሱ ለበቅሎዎቹ ይሆናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ በየከረጢቱ ተለይተው ይታሰራሉ። የጉዞው ጥሩ ወራት ከፊሉ በዐቢይ ጾም ስለሚያልፍ ሁለት ዓይነት ወጥ ቤት ይዘን እንወጣለን፤ እንግዳው እንቁላልና ሥጋ ሲበላ ሠራተኞቹ ይጾማሉ፤ ድስቱም ማንኪያውም አይቀላቀልም። ታናሽ ወንድሜ ይህን የሚጠብቀው ያለ ማንም ተቆጣጣሪ ነው። እንግዶች ይህን ሲያዩ ብዙዎቹ ሳይጠየቁ የጾሙን ምግብ ይመርጣሉ፤ የእናቴ ሽሮ ብዙ ወዳጅ አፍርታልናለች።

በፓርኩ ውስጥ እንጨት ሰብሮ ማንደድ አይፈቀድም። ከደባርቅ ጋዝ ወይም የባሕር ዛፍ ማገዶ ጭነን እንወጣለን። ይህ ለአንዳንዱ እንግዳ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ይመስለዋል፤ በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ፋሲካ ወራት የሆነውን ላየ ሰው ግን አይመስለውም። ያን ጊዜ በጓሳውና በአስታው ላይ የተነሣው እሳት ለቀናት ሊጠፋ አልቻለም፤ ከደባርቅና ከዙሪያው ወጣቱ ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጥቶ ታገለው፤ እሳት አጥፊዎች ከእስራኤል ድረስ መጡ። ደረቅ ጓሳ በአንድ ክብሪት ምን እንደሚሆን ያየን ሰዎች ሲጋራ የሚያጨስ እንግዳን ቁራጩን በኪሱ እንዲይዝ ስንጠይቅ ሳናፍር ነው።

ስለ ግጭ አንድ ነገር ልጨምር። ካምፑ አጠገብ የነበረው የግጭ መንደር ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ከተራራው ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ሰፍረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ላይ ከሰፈሩት ቦታዎች አንዱ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ ነበር፤ እርሻውና ግጦሹ ከተራራው አቅም በላይ ሆኖ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ እኔም የሣሩን ማገገም በዓይኔ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ለዚያ ደስታ ቤቱንና የአባቶቹን የገብስ ማሳ የተወ ሕዝብ አለ። ከእኛ ጋር ከሚወጡት ጫኞች አንዳንዶቹ የግጭ ልጆች ናቸው። ጭጋግ ሲወርድ ዱካውን የማይስቱት፣ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚደርቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በጉዞው ሥራ ላይ ለእነርሱ በቂ ቦታ መስጠት ችሮታ አይደለም፤ ተራራው የለመለመው በእነርሱ መሥዋዕትነት ነውና ዕዳችን ነው። እንግዳው በእግሩ ሲመጣ ያ ዕዳ ጥቂት በጥቂት ይከፈላል፤ በመኪና ሲያልፍ ግን አይከፈልም።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት ሁሉም ያውቃቸዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት መጨረሻ ውጊያው እስከ ደባርቅ ዙሪያ ቀረበ፤ በ2015 ክረምት ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተከተለ። እንግዳ ሲጠፋ በቅሎ መቀለብ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው በቅሎውን ሸጦ ወደ ቀን ሥራ ሄደ። እኛም ሸጠናል። ያቆየን አስቀድመው አብረውን የተጓዙ እንግዶች ደብዳቤና ርዳታ፣ የእናቴ የገበያ ደንበኝነትና የማኅበሩ ሰዎች እርስ በርስ መተሳሰብ ነበር፤ ጥቂት ሥራ በተገኘ ጊዜ እንኳ ተራው አልተዛነፈም፤ በዚያ ችግር ወቅት ተራውን ለባሰበት ጎረቤት የለቀቀ ሰው አውቃለሁ።

በእነዚህ ዓመታት የተለወጠ አንድ መልካም ነገር አለ፤ ጉዞውን የሚጠይቁን ኢትዮጵያውያን በርክተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ እንጦጦንና መናገሻን የሚወጡ ወጣቶች እግራቸው ሲጠነክር ስለ ሰሜን ይጠይቃሉ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለጥምቀት ጎንደር የሚመጡ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይዘው ሁለት ሌሊት ጨምረው ወደ እኛ መውጣት ይፈልጋሉ። ከወገን ጋር ሲሆን ጉዞው ሌላ መልክ አለው። ወንድሜ በባዕድ ቋንቋ ባጭሩ የሚያልፈውን ታሪክ በአማርኛ ያረዝመዋል፤ ስካውቱ፣ ዝምተኛ ነው ሲባል የኖረው ሰው፣ ማታ ሻይ ዙሪያ ተቀምጦ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚያውቀውን ሲናገር ይሰማል። አንዲት ከዋሽንግተን የመጣች የአሥር ዓመት ልጅ ሳንቃ በር አጠገብ ከጭላዳዎች መንጋ ጥቂት ርቃ ተቀምጣ፣ አንዲት እናት ጭላዳ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ሣሩን በጣቷ እየነጨች፣ እፍኟ ሲሞላ ወደ አፏ ስትወስድ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ከዚያ ወንድሜን «ለምንድን ነው ሥሩን የምታራግፈው?» ብላ ጠየቀችው፤ እርሱም አፈሩን ለማራገፍ እንደሆነ፣ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ጭላዳዎች ሥር እየቆፈሩ እንደሚበሉ አብራራላት። በመኪና መስኮት ያለፈ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ አያገኝምና።

ለመምጣት ለሚያስቡ የሚከተለውን እላለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡና ጭጋጉ ከባድ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ተራራው አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ይሆናል፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደረቅ ነው፤ ሌሊቱም ብርድ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከጎንደር ደባርቅ ያለው መንገድ በማያስተማምንበት ሳምንት እኛ እንግዳ አንቀበልም፤ የተከፈለ ቀብድ ካለም እንመልሳለን። ከእኛም ሆነ ከሌላ ቤት ጋር ስትዋዋሉ የስካውቱ፣ የአብሳዩና የነጂው የቀን አበል ስንት እንደሆነ በየስሙ ተለይቶ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ድንኳንና ብርድ ልብስ ለሠራተኛውም መኖሩን አረጋግጡ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃ በር አድርጉት። ጉርሻ መስጠት ከፈለጋችሁ በመጨረሻው ቀን ሁሉም ባለበት፣ ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡት።